በፉርሽካ ለሚደለብ በግ ካልሲየምና ፎስፈረስን ማመጣጠን

በግ የሚያደልብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው ግርግም ውስጥ የጨመረውን መኖ ነው፤ እንስሳውን የሚደርሰው ግን ከዚያ ውስጥ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባው ብቻ ነው። ይህን አለመለየት የሚያስከትለው ጉዳት ለበዓል ገበያ በፉርሽካ በሚደለቡ ወንድ በጎችና ሙክቶች ላይ በግልጽ ይታያል።

በፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ዶሮ ይህን ፎስፈረስ አብዛኛውን መጠቀም አትችልም፤ በበግና በፍየል ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ፈትተው ስለሚለቁት በቀጭኑ አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። እንስሳው ብዙውን ፎስፈረስ በምራቁ ወደ ጨጓራው ይመልሰዋል፣ ትርፉም ከበጠጥ ጋር ይወጣል። ለዚህ ብዙ ምራቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ምራቅ የሚመነጨው ደግሞ እንስሳው ድርቆሽ ወይም ገለባ በልቶ እያመነዠከ ሲውል ነው። ፉርሽካው በዝቶ ድርቆሹ ሲያንስ ትርፉ ፎስፈረስ በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ይሄድና ከማግኒዥየምና ከአሞኒየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር ይሠራል። ገና ግልገል ሳለ የተኮላሸ ሙክት የሽንት ቧንቧው ጠባብ ሆኖ ስለሚቀር አደጋው ይብስበታል።

ካልሲየም በአንጀት ውስጥ ፎስፈረስን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ይገታል፤ ስለዚህ በቀኑ መኖ ውስጥ ካልሲየሙ የፎስፈረሱን ሁለት እጥፍ ያህል እንዲሆን ያድርጉ። ለምሳሌ ለአንድ በግ በቀን 300 ግራም ፉርሽካ፣ ግማሽ ኪሎ የአልፋልፋ ድርቆሽና 5 ግራም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ቢሰጡ፣ ካልሲየሙ ወደ 9 ግራም፣ ፎስፈረሱ ወደ 4.5 ግራም ይጠጋል። አልፋልፋ ከሌለ የሽምብራ ወይም የባቄላ ገለባ ከጤፍና ከስንዴ ገለባ የተሻለ ካልሲየም አለው። ዱቄቱ እሳት ያላየ፣ ደቅቆ የተፈጨ ድንጋይ ይሁን፤ ለግድግዳ የሚቀባው ኖራ አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል።

ጨው የሚጠቅመው ውኃ ስለሚያስጠጣና ሽንቱን ስለሚያቀጥነው ነው፤ ስለዚህ አሞሌውን ሲያስቀምጡ ንጹሕ ውኃ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ አይጥፋ። ለዶሮ ወይም ለአሳማ የተዘጋጀ መኖ ግን መዳብ ሊበዛበት ስለሚችል ለበግ ፈጽሞ አይስጡ፤ በግ መዳብን በጉበቱ እያከማቸ ስለሚሄድ፣ ፍየል የሚችለው መጠን እንኳ ሊገድለው ይችላል።

በየማለዳው ከሆዱ ሥር፣ በሽንት መውጫው ዙሪያ ያለውን ፀጉር በጣትዎ ዳብሱት፤ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነጭ ቅንጣት ካገኙ ፉርሽካውን ወዲያውኑ ያቁሙ። በጉ ወገቡን ለጥጦ እያማጠ ጠብታ ብቻ የሚሸና ከሆነ ደግሞ ፊኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊፈነዳ ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ይጥሩ፤ በተዘጋበት ሰዓት ውኃ በግድ መጋት ፊኛውን ይበልጥ ይወጥረዋል።