ለ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚሆን ልቦለድ እንዴት ይመረጣል?

ሁለተኛ ደረጃ የገባ ልጅ 14 ወይም 15 ዓመት ገደማ ነው። የልጆች ተረት ሰልችቶታል፤ የአዋቂ ልቦለድ ደግሞ ገና ይከብደዋል። ብዙ ልጆች ከንባብ የሚርቁት እዚህ መሃል ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ የማይሆነው መጽሐፍ በግድ ከተሰጠው "እኔ ማንበብ አልወድም" ብሎ ይደመድማል፤ ያንን ማስለወጥ ደግሞ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሰጥን ልቦለድ በአንድ ነገር እመዝነዋለሁ፦ ልጁ ጨርሶት "ሌላስ አለ?" ይላል ወይ?

1. መጀመሪያ ልጁን ያዋሩት

"ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?" ብለው አይጀምሩ። መልሱ "እኔንጃ" ነው። ይልቅ በቅርቡ ስላየው ፊልም ወይም ስለሚጫወተው ጌም ያንሱ። ከዚያ ለምን እንደወደደው ጠጋ ብለው ይጠይቁት።

አንዲት ልጅ የወንጀል ምርመራ ተከታታይ ፊልም አይታ ጨረሰች እንበል።

"ምኑ ነው እንዲህ የያዘሽ?"

"ገዳዩን ሳላውቅ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።"

ለዚች ልጅ እንቆቅልሹ ቀስ እያለ የሚፈታ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ይፈለግላታል። መልሷ "መርማሪዋና እናቷ ሲኮራረፉ አንጀቴን በሉት" ቢሆን ግን ነገሩ ይለያል። እሷን የሚይዛት የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ወንጀል የሚባል ነገር ባይኖርበትም ግድ የላትም። ብዙ ሰው የፊልሙን ዓይነት ብቻ ሰምቶ መጽሐፍ ፍለጋ ይሮጣል። "ለምን" የምትለዋ ጥያቄ ላይ ትንሽ መቆየት ብዙ ድካም ታድናለች።

የዋናውን ገጸ ባሕሪ ዕድሜም ይዩ። በዚህ ዕድሜ ያሉ አንባቢዎች ከእነሱ ትንሽ ከፍ ስላለ ሰው ማንበብ ይወዳሉ። የ16 ወይም የ17 ዓመት ወጣት ጥሩ ነው። ስለ 11 ዓመት ልጅ የተጻፈውን "የሕፃናት ነው" ብለው ገና ከሽፋኑ ይገፉታል። አሜሪካዊቷ ኤስ ኢ ሂንተን "ዘ አውትሳይደርስ" የተባለውን ልቦለዷን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም ገና 18 ዓመቷ ነበር። የጻፈችውም የእኩዮቿን ሕይወት እንዳለ የሚያሳይ መጽሐፍ በማጣቷ ነው። የዚህ ዕድሜ አንባቢ ምን እንደሚርበው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

2. አንድ ገጽ ያስነብቡት

መጽሐፉን መሃል አካባቢ ይክፈቱ። የመጀመሪያው ገጽ ብዙ ጊዜ ተለፍቶበት የተጻፈ ስለሆነ ያታልላል። ልጁ አንድ ሙሉ ገጽ ለራሱ ያንብብ፤ የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው አንድ ጣት ያጥፍ። አምስቱም ጣቶች ገጹ ሳያልቅ ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ይከብደዋል። ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ልክ ነው፤ ታሪኩ ሳይቆራረጥበት አዲስ ቃል ይማራል። አንድም ካልታጠፈ ደግሞ ችግር የለውም። ንባብ ለጠላ ልጅ እንዲያውም የሚመረጠው እሱ ነው።

ይህ ዘዴ ዝም ብሎ በአቦ ሰጡኝ የመጣ አይደለም። ማርሴላ ሁ እና ፖል ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት በሚማሩ ሰዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. አሳትመው ነበር። አንባቢ አንድን ልቦለድ ያለ ሰው እርዳታ በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። 250 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ሲሰላ የማይታወቀው አምስት ቃል ብቻ ነው፤ የአንድ እጅ ጣት ማለት ነው። ልጁ የሚያነብበው በሁለተኛ ቋንቋው ከሆነ በዚህ ልኬት ላይ ጠበቅ ይበሉ።

ገጹን ካነበበ በኋላ "ምን ሆነ?" ብለው ይጠይቁት። በራሱ ቃል ከነገረዎት በቂ ነው።

3. ስንት ቀን እንደሚወስድበት ያስሉ

ልጁ 10 ደቂቃ ያንብብና የደረሰበትን ይቁጠር። 5 ገጽ ከሄደ ለአንድ ገጽ 2 ደቂቃ ይፈጅበታል። 240 ገጽ ያለው ልቦለድ 8 ሰዓት ይወስድበታል ማለት ነው። በቀን 20 ደቂቃ ካነበበ 24 ቀን ነው፤ ይህ ይቻላል። 600 ገጽ ግን በዚሁ ፍጥነት ሁለት ወር ነው። የቤት ሥራና ፈተና እየተደረበበት መሃል ላይ ይቀራል። አጫጭር ምዕራፎች ያሉትን ይምረጡ፤ በአንድ ቁጭታ አንድ ምዕራፍ ማለቁ ያበረታታል።

ስስ የሆነ ሁሉ ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። የጆርጅ ኦርዌል "አኒማል ፋርም" በ1945 እ.ኤ.አ. የወጣ ስስ ልቦለድ ነው፤ ላይ ላዩን የእንስሳት ታሪክ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ግን የ1917ቱ የሩሲያ አብዮትና ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ልጁ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ካልተነገረው ግማሹ መልእክት ያመልጠዋል።

4. እርስዎም ቀድመው ይዩት

ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ከሌለዎት መግቢያውን፣ ከመሃል አንድ ምዕራፍና መጨረሻውን ያንብቡ። መጨረሻውን አይዝለሉት። የመጽሐፉ አቋም የሚታወቀው እዚያ ነው።

ሞት፣ ፍቅር ወይም ጠብ ያለበትን ሁሉ መከልከል አያስኬድም። ልጁ እነዚህን ነገሮች በስልኩም በትምህርት ቤቱም ያገኛቸዋል፤ በመጽሐፍ ሲያገኛቸው ቢያንስ ለማሰብ ጊዜ አለው። ዋናው ነገር መጽሐፉ ጉዳዩን እንዴት ይዞታል የሚለው ነው። የተጎዳው ሰው ሕመም ይታያል? ያጠፋው ሰው የሥራው ውጤት ይደርስበታል? ቅናትንና ቁጥጥርን የእውነተኛ ፍቅር ምልክት አድርጎ የሚያቀርብ ልቦለድ ለ14 ዓመት ልጅ አልሰጥም፤ አጻጻፉ የቱንም ያህል ቢያምር።

ልጁ በቅርቡ ሐዘን ደርሶበት ከሆነና መጽሐፉም ስለ ሞት ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት። አንዳንዱ ያጽናናዋል፤ አንዳንዱ ቁስሉን ይነካበታል። "ታሪኩ ላይ አባትየው ይሞታል፤ አሁን ታነበዋለህ ወይስ ይቆይ?" ማለት ይበቃል።

የሚመርጡት ለክፍል ውይይት ከሆነ ደግሞ ተማሪዎች "ልክ ነው"፣ "አይ፣ ተሳስቷል" ብለው የሚከራከሩበት ውሳኔ ያለበትን ይፈልጉ። ለሁሉም የሚበቃ ቅጂ መኖሩንም አስቀድመው ያረጋግጡ።

5. ሦስት አቅርበው ምርጫውን ይተዉለት

አንድ መጽሐፍ ብቻ ሲሰጥ ትእዛዝ ይመስላል። ሦስት ካስቀመጡለት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አንዱን ያነሳል፤ የራሱም ይሆናል። ሽፋኑን ወዶ ቢመርጥም ይሁን።

ካልጣመው እንዲተወውም ይፍቀዱለት። ፈረንሳዊው መምህርና ደራሲ ዳንኤል ፔናክ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለአንባቢ አሥር መብቶች ዘርዝሯል፤ ሦስተኛው አለመጨረስ ነው። እኔ ልጁ 50 ገጽ ያህል እንዲታገሰው እለምናለሁ። ከዚያ በኋላም ካልያዘው ይመለስ። ግን ምኑ እንዳሰለቸው ይጠይቁት፤ "ገለጻው በዛብኝ" ካለ ቀጣዩ ንግግር የበዛበት ይሁን።

ሲጨርስ እንደ ፈተና አያፋጡት። "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ይበሉትና ያውራ። ተከታዩን መጽሐፍ የመጀመሪያው ሳያልቅ ያዘጋጁ፤ የዚያው ደራሲ ሌላ ሥራ ወይም የተከታታዩ ሁለተኛ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ገጸ ባሕሪዎቹን ስለሚያውቃቸው ለመግባት አይቸገርም፤ መሃሉ ላይ ሳምንታት ባዶ ካለፉ ግን ያቺን 20 ደቂቃ ስልኩ ይወስዳታል።