ሮድ ታክስ ከመኪናው ጋር አይሸጥም፦ እንግሊዝ አገር ያገለገለ መኪና ለምትገዙ

የመስቀል ማግስት ነበር፣ እሁድ ሴፕቴምበር 28፣ 2025። የእህቴን ልጅ ይዤ ሉተን ሄድኩ፣ መኪና ልንገዛ። ልጁ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነው። ከሥራ የሚወጣውም የሚገባውም አውቶቡስ በሚጠፋበት ሰዓት ስለሆነ መኪና ለእሱ ቅንጦት አይደለም።

ሻጩ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋ የ2012፣ ቤንዚን፣ ንጹሕ። ዋጋ ተስማማን፣ ገንዘቡ በባንክ አፕ ገባላቸው። ልጁ ቁልፉን ተቀብሎ በሩን ከፈተ።

«ቆይ» አልኩት። «ሮድ ታክሱስ?»

«አለው እኮ፣ ጋሼ! እስከ ማርች ተከፍሏል። ዌብሳይቱ ላይ አይቻለሁ።»

ሮድ ታክስ ማለት መኪና መንገድ ላይ ለመንዳት የሚከፈል ዓመታዊ ግብር ነው። እኔም የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁ ቀን ያልኩት ይህንኑ ነበር። ታርጋውን አስገብቼ ሳይ «ታክስ ተከፍሏል» የሚል አረንጓዴ ምልክት አየሁ፣ ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ሻጩ በነጋታው መሸጡን ለዲቪኤልኤ፣ ማለትም መኪናና መንጃ ፈቃድ ለሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አሳወቀ። እዚያው ላይ ታክሱ ተሰረዘ። እኔ ግን ወሬውን የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ የ80 ፓውንድ ቅጣት በፖስታ ሲመጣ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም፣ የራሴ ነው።

የእኛን ሰው የሚያሳስተው ቦሎ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ደላላው «ቦሎዋ አዲስ ነው» ሲላችሁ ደስ ይላችኋል፣ ምክንያቱም መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ይመጣል። እንግሊዝ አገርም ድሮ እንዲሁ ነበር። ከ1921 ጀምሮ መስታወት ላይ የምትለጠፍ ክብ ወረቀት ነበረች፣ መኪና ሲሸጥ የቀረው ወር ለገዢው ያልፍ ነበር። ኦክቶበር 1፣ 2014 ወረቀቷም ቀረች፣ ማለፉም ቀረ። ዛሬ መኪናው ሲሸጥ የሻጩ ታክስ ይሞታል። ለቀሩት ሙሉ ወራት ገንዘቡ ለሻጩ ይመለስለታል፣ እናንተ ደግሞ ከአንድ ትጀምራላችሁ። አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው በነጻ ሲነዳት የነበረች መኪና ብትሆንም ያው ነው፣ ነጻነቱ የሰውዬው እንጂ የመኪናዋ አይደለም። ሻጩ «ሶርን» ብሎ ከመንገድ ውጪ ያስመዘገባት ከሆነችም ምዝገባው ለእናንተ አያልፍም።

ስለዚህ ነገሩ ከዋጋ ድርድር በፊት ይጀምራል። ሎግቡኩን አሳዩኝ በሉ። እንደ ሊብሬ ቁጠሩት፣ ስሙ ቪ5ሲ ነው። ሆኖም እንደ እኛ ሊብሬ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። የሚናገረው መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ደረሰኝ በእጅ ጽሑፍም ቢሆን የማስጽፈው፦ ቀን፣ ታርጋ፣ ዋጋ፣ ሁለት ፊርማ።

ሎግቡኩ ላይ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ፦ መኪናው መጀመሪያ የተመዘገበበትን ቀንና የካርቦን ልቀቱን ቁጥር። የታክሱን ዋጋ የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ከማርች 2001 እስከ ማርች 2017 መጨረሻ የተመዘገበ መኪና የሚከፍለው እንደ ልቀቱ ነው። በኤፕሪል 2025 በጀመረው ዓመት ሒሳብ በኪሎ ሜትር እስከ 110 ግራም ከሆነ በዓመት 20 ፓውንድ፣ ከ111 እስከ 120 ደግሞ 35 ፓውንድ ነው። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ 121 ላይ ሲደርስ ወደ 165 ፓውንድ ይዘላል። በአንዲት ግራም 130 ፓውንድ፣ ያውም በየዓመቱ! ሁለት ተመሳሳይ መኪና አይታችሁ መምረጥ ካቃታችሁ ቀለሙን ትታችሁ ይህችን ቁጥር እዩ። ከ255 ግራም በላይ የሚተፋ ትልቅ መኪና 760 ፓውንድ ይበላል። ሰርግ ላይ ያማረበትን ጂፕ አይቶ የሚጎመጅ ጓደኛ ስላለኝ ነው ይህን የማነሳው።

ከኤፕሪል 2017 ወዲህ የተመዘገበ ከሆነ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሁሉም አንድ ዋጋ ነው፣ በኤፕሪል 2025 በጀመረው ዓመት ሒሳብ 195 ፓውንድ። የኤሌክትሪክ መኪና በነጻ የሚባለው ዘመን ከኤፕሪል 1፣ 2025 ጀምሮ አብቅቷል፣ እሱም ይከፍላል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና አዲስ ሳለ የፋብሪካ ዋጋው ከ40,000 ፓውንድ በላይ ከነበረ፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ ጭማሪ ይከፍላል፣ በዚያው በ2025 ሒሳብ 425 ፓውንድ። እናንተ በግማሽ ዋጋ ገዛችሁት አልገዛችሁት አያገባቸውም። የአራት ዓመት ጀርመን መኪና በ20,000 ገዝቶ 620 ፓውንድ ታክስ ሲመጣበት ራሱን የሚይዝ ሰው የሚበዛው ለዚህ ነው።

ኤምኦቲውን፣ ማለትም ዓመታዊ ምርመራውን፣ በታርጋ ቁጥር በመንግሥት ዌብሳይት በነጻ ማየት ይቻላል። የቆየ ታሪኩ ሁሉ ይወጣል፣ የትኛው ዓመት ፍሬኑ እንደወደቀ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበረ፣ ይቅርታ፣ ማይል። ሦስት ዓመት ያለፈው መኪና ኤምኦቲ ከሌለው ሮድ ታክስ መክፈል አይቻልም። ያኔ በሕጋዊ መንገድ መንዳት የምትችሉት ቀድማችሁ ወደያዛችሁት የኤምኦቲ ቀጠሮ ብቻ ነው፣ ያውም ኢንሹራንስ ኖሯችሁ።

የልጁን መኪና ኢንሹራንስ ዋጋ ሉተን ከመድረሳችን በፊት ባቡር ውስጥ አይተን ነበር። የሽማግሌው በር ላይ ሆነን ልጁ በስልክ ገዛው።

ከዚያ ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሎግቡኩን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ከታች በኩል አረንጓዴ ቁራጭ ወረቀት አለች፣ የአዲሱ ያዥ ወረቀት ናት። ታክሱን ዛሬውኑ ለመክፈል የምትፈልጉት ይህችን ነው። ሙሉው ሎግቡክ ሻጩ ዘንድ ይቀራል፣ አረንጓዴዋ ግን የእናንተ ናት፣ እላይዋ ላይ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። ሎግቡኩ ራሱ ላይ ያለው ባለ 11 አኃዝ ቁጥር የሻጩ ስለሆነ ለእናንተ አይሠራም። ብዙ ሰው ሎግቡኩን ፎቶ አንስቶ ይሄድና ማታ ቤቱ ሆኖ ዌብሳይቱ እምቢ ሲለው ይደውልልኛል። «ነገ በፖስታ እልክላችኋለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ክፍያውም ነገ ይሁን በሉት።

ሽማግሌው ቁጥሩን አነበቡ፣ ልጁ ታክስ በሚከፈልበት የመንግሥት ዌብሳይት ላይ በአውራ ጣቱ ጻፈ። ዌብሳይቱ አልቀበልም አለ። እንደገና። አልቀበልም። ቆጠርኩት፣ 11 ነበር፣ ከመሐል ሁለት ዜሮ የተከታተለበትን አንድ አድርጎ ጽፎታል። አስተካከለው፣ ወዲያው የመኪናዋ ስምና ታርጋ መጣ፣ ቀጥሎም የክፍያው አማራጭ።

ልቀቷ 128 ስለሆነ በዚያ ዓመት ሒሳብ 165 ፓውንድ። በአንዴ ከከፈላችሁ ልክ ይህ ነው። የስድስት ወር ብቻ በካርድ ከከፈላችሁ 90.75 ነው፣ ስለዚህ ሁለቴ ስትከፍሉ ዓመቱ 181.50 ይሆናል። በየወሩ ከባንክ ይቆረጥ ካላችሁ 5 በመቶ ተጨምሮ 173.25 ይመጣል፣ በወር 14 ፓውንድ ከ44 ሳንቲም ገደማ። ልዩነቱ 8 ፓውንድ ከ25 ነው፣ ለንደን ላይ ሁለት ማኪያቶ። ልጁ ለመኪናው ኪሱን ስላራገፈ በወር አለ፣ እኔም አልተከራከርኩትም። የመጀመሪያው ገንዘብ ከባንኩ እስኪቆረጥ ጥቂት ቀን ቢፈጅም መኪናው ያኑ ሰዓት ታክስ እንደተከፈለለት ይቆጠራል፣ ጠብቁ የሚባል ነገር የለም።

ልጁን ያበሳጨው ግን ሌላ ነገር ነው። ታክስ የሚቆጠረው ከወሩ የመጀመሪያ ቀን ነው። በ28 ገዝተን ሴፕቴምበርን ሙሉ ከፈልን። ሽማግሌው የሚመለስላቸው ከኦክቶበር ጀምሮ ነው። ስለዚህ መንግሥት ለዚያች መኪና ሴፕቴምበርን ሁለቴ በላ። ሦስት ቀን መጠበቅ ብንችል ኖሮ እንጠብቅ ነበር፣ ግን ሰኞ ማታ ተረኛ ነው። እናንተ የማትቸኩሉ ከሆነ የወር መጨረሻ ላይ ቀብድ ሰጥታችሁ በአንደኛው ቀን ውሰዱት።

ኢንተርኔት የማይሆንላችሁ ካላችሁ አረንጓዴዋን ወረቀት ይዛችሁ ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ፖስታ ቤት ሂዱ፣ ሁሉም አይሰጡም። ጥሬ ገንዘብም ይቀበላሉ። በስልክም ይቻላል፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ የዲቪኤልኤ አውቶማቲክ መስመር አለ። እሁድ መግዛት ችግር ያልሆነው ለዚህ ነው።

ሎግቡኩ ጠፍቷል የሚል ሻጭ ካጋጠመ? እኔ ብሆን ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ቪ62 የሚባል ፎርም ሞልቶ 25 ፓውንድ ከፍሎ አዲስ ማውጣት ይቻላል፣ ያን ደግሞ ሻጩ ያውጣ፣ እኔ ከዚያ በኋላ እመጣለሁ። ሎግቡክ የሌለው መኪና ውስጥ የማላውቀው ታሪክ ሊኖር ይችላል።

አሁን የሻጩ ተራ ነው። መሸጡን ኢንተርኔት ላይ የሚያሳውቀው እሱ ነው፣ እናንተ ፊት ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ስማችሁን ግን ራሳችሁ ጻፉ። ሽማግሌው ልጁን «ሰርኔምህ (የቤተሰብ ስምህ) ማን ነው?» አሉት፣ እሱም የአያቱን ስም ሊሰጣቸው ነበር። እዚህ አገር የአባት ስም ሰርኔም ሆኖ የተመዘገበ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን እንዳለ፣ ፊደል ሳይቀይር፣ ማስገባት አለበት። አድራሻውም ፖስት ኮዱም ትክክል ይሁን፣ ቅጣትም ሎግቡክም የሚመጣው እዚያ ነው። በኢንተርኔት ከተላለፈ አዲሱ ሎግቡክ በሳምንት ገደማ ይደርሳል፣ የልጁ ቅዳሜ ደረሰ። በፖስታ ከሆነ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

ታክስ ያልከፈለ መኪና በየመንገዱ ያሉ ካሜራዎች ታርጋውን አንብበው ያውቁታል። ቆማ ካገኟት ጎማዋ ላይ ብረት ያስሩባታል። ለመፍታት 100 ፓውንድ ነው፣ ያን ጊዜ ታክሱን ካልከፈላችሁ ደግሞ 160 ፓውንድ መያዣ ይጠይቃሉ። ለንደን ለምትነዱ፦ ዩሌዝ የሚባለው፣ አየር የሚበክሉ መኪኖች የሚከፍሉት የ12.50 ፓውንድ የቀን ክፍያ ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ ሮድ ታክስ ስለከፈላችሁ አይቀርላችሁም።

አንድ ቀን እናንተም ሻጭ ስትሆኑ ማሳወቁን አታሳድሩ። የሚመለሰው ገንዘብ የሚሰላው ካሳወቃችሁበት ቀን ተነስቶ ለቀሩት ሙሉ ወራት ነው፣ በወር የሚቆረጠውም ያኔ በራሱ ይቆማል።

ልጁ ማክሰኞ ደወለልኝ። ድምፁ ተቀይሯል።

«ጋሼ፣ የሮድ ታክስ ክፍያህ አልተሳካም፣ ዛሬ ካልከፈልክ ትቀጣለህ የሚል ቴክስት መጣልኝ። ሊንክ አለው።»

«የሊንኩ መጨረሻ ምን ይላል? ጎቭ ነጥብ ዩኬ ይላል?»

ጸጥ አለ።

«አይልም። ከታክስ ቀጥሎ የማላውቀው ነገር አለ።»

«ዲቪኤልኤ የባንክ ቁጥርህን በቴክስት አይጠይቅም። ከፍለሃል፣ ኢሜይሉ አለህ አይደል?»

«አለኝ» አለ። ከዚያ ስልኩን ሲነካካ ይሰማኛል። «ዴሊት አድርጌዋለሁ። ሲገርም፣ መኪናዋን ከገዛን ገና ሁለት ቀናችን ነው።»