1 ፒኮሰከንድ ሶሊቶን በ100 ሜትር ፋይበር ውስጥ ማስኬድ

ሶሊቶን በፋይበር ውስጥ ሳይሰፋ ቅርጹን ይዞ የሚጓዝ የብርሃን ፐልስ (አጭር ብልጭታ) ነው። ዲስፐርሽን፣ ማለትም የተለያዩ የሞገድ ርዝመቶች በተለያየ ፍጥነት መጓዛቸው፣ ፐልሱን ያሰፋዋል፤ የፐልሱ የራሱ ብርታት ደግሞ የመስታወቱን የብርሃን ስብረት እየለወጠ መልሶ ይሰበስበዋል። ሁለቱ ልክ የሚመጣጠኑት በተወሰነ ፓወር ስለሆነ ዕቃ ከመገጣጠም በፊት ሒሳቡ ይቅደም።

ተራ ሲንግል ሞድ ፋይበር በ1550 ናኖሜትር ላይ ቤታ-2 (የዲስፐርሽኑ መጠን) −21.7 ፒኮሰከንድ ካሬ በኪሎሜትር፣ ጋማ (ብርታቱ ስብረቱን የሚለውጥበት መጠን) 1.3 በዋት በኪሎሜትር ያህል አለው። በ1310 ናኖሜትር አካባቢና ከዚያ በታች አትድከሙ፤ የዲስፐርሽኑ ምልክት ይገለበጣል፣ ብሩህ ሶሊቶንም አይገኝም።

በግማሽ ከፍታ የተለካውን የ1 ፒኮሰከንድ ስፋት ለ1.763 ስታካፍሉ 0.567 ይመጣል። የዚህን ካሬ በጋማ አባዙና 21.7ን ለውጤቱ አካፍሉ፤ ፒክ ፓወሩ (የፐልሱ ጫፍ ላይ ያለው ፓወር) 52 ዋት ነው። ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ የአንዱ ፐልስ ኢነርጂ 59 ፒኮጁል ብቻ ስለሆነ በ50 ሜጋኸርዝ ሌዘር አማካዩ 3 ሚሊዋት ገደማ ነው።

ከሌዘሩ ቀጥሎ ተስተካካይ አቴንዌተር (ፓወር መቀነሻ)፣ ከዚያ 100 ሜትሩን ጥቅል፣ በመጨረሻ ኦቶኮሪሌተር (የአጭር ፐልስ ስፋት መለኪያ) ግጠሙ። ብርሃኑ በዓይን አይታይም፤ ሌዘሩ ሳይጠፋ የፋይበር ጫፍ ወደ ፊታችሁ አታዙሩ። ከዝቅተኛ ፓወር ጀምሩ፤ ፐልሱ ወደ 4 ፒኮሰከንድ ሰፍቶ ይወጣል። ፓወሩን ስትጨምሩ እየጠበበ ሄዶ 3 ሚሊዋት ላይ 1 ፒኮሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። ኦቶኮሪሌተሩ ግን 1.54 ያሳያችኋል፤ ለ1.543 ማካፈል አትርሱ። የስፔክትረሙ ስፋትም ከ2.5 ናኖሜትር ብዙ መራቅ የለበትም። በጣም ከሰፋ ፐልሱ ከመነሻው ቸርፕ (ከፊቱ እስከ ኋላው የሞገድ ርዝመቱ መለዋወጥ) አለው፤ ፓወር መነካካት ይህን አያድነውም።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የፓወር ንባቡ ነው። ኤርቢየም አምፕሊፋየር ካለ ሜትሩ የአምፕሊፋየሩን የጀርባ ብርሃንም አብሮ ይቆጥራል፤ 3 ሚሊዋት ሲል ፐልሱ ውስጥ ያለው 2 ሊሆን ይችላል። ኮኔክተርም እንዲሁ ያታልላል። አረንጓዴውን ኤፒሲ ከሰማያዊው ፒሲ ጋር ብታጋጥሙ የጫፎቹ ማዕዘን አይገጥምም፣ ብርሃኑም በከፊል ይባክናል። ግማሹ ቢጠፋ የሶሊቶን ቁጥሩ (ያለው ፓወር ለሚያስፈልገው ተካፍሎ የሚገኘው ካሬ ሥር) 0.71 ይሆናል። ሶሊቶን ቻይ ስለሆነ ቁጥሩ ከ0.5 እስከ 1.5 እስካለ ድረስ ራሱን ያስተካክላል፤ ትርፉን እንደ ደካማ ሞገድ ይጥላል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ በ0.71 የሚረጋው ሶሊቶን ከመጀመሪያው 2.4 እጥፍ ይሰፋል፤ ለመርጋትም 100 ሜትር ይጠበዋል። ስለዚህ ፓወሩን በአቴንዌተሩ መውጫ ላይ ብቻ ሳይሆን በጥቅሉ መጨረሻም ለኩ፤ 100 ሜትር ፋይበር በራሱ የሚያባክነው 0.02 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ከዚያ የበለጠው ሁሉ የመገጣጠሚያ ችግር ነው።

12 ሚሊዋት ብታስገቡ ቁጥሩ 2 ይሆናል፤ ፐልሱ በየ23 ሜትሩ ጠብቦ ወደ ቀድሞው ቅርጽ ይመለሳል፤ የምታዩትም ፋይበሩን በቆረጣችሁበት ቦታ ይወሰናል። ፐልሱን ማሳጠር ካማራችሁ ራማንን (የመስታወቱ ሞለኪውሎች ንዝረት ከብርሃኑ ኢነርጂ መውሰዱን) አስቡ፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ወደ ረጅም የሞገድ ርዝመት የሚንሸራተትበት ፍጥነት 16 እጥፍ ያድጋል። በ1 ፒኮሰከንድ አይታወቅም፤ በ100 ፌምቶሰከንድ ግን ጥቂት ሜትር ላይ ስፔክትረሙ በግልጽ ተንሸራቶ ታገኙታላችሁ።