ዳስ ከማስያዝ እስከ አዲስ ሜዳ መጠየቅ፦ የሞንትጎመሪ ካውንቲን ፓርክና ሪክሪዬሽን እንዴት እንደምንጠቀም

አንድ ጁን ላይ የእህቴን ልጅ ምርቃት ልናከብር ወደ አንድ ፓርክ ሄድን። ሁለት ድስት ወጥ፣ አንድ መሶብ እንጀራ፣ ለስላሳ የሞላ ኩለር ይዘናል። በማለዳ ስለደረስን ዳሱ፣ ጣሪያና ጠረጴዛ ያለው የፒክኒክ ቦታ፣ ባዶ ነበር። ጠረጴዛዎቹን ጠረግን፣ ፊኛ ሰቀልን። እኩለ ቀን ሲቃረብ አንድ ሰውዬ ወረቀት ይዞ መጣ። ስሙ አለበት፣ ቀኑ አለበት፣ የዳሱ ስምም አለበት። ምን ይባላል? ፊኛችንን አውርደን፣ ድስታችንን ተሸክመን ዛፍ ሥር ገባን። አክስቴ ጠጋ ብላ «ይቺን ወረቀት የት ነው የሚሰጡት?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። አሥር ዓመት እዚሁ ኖሬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። የሚመለከተው ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖረውን ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ብሪግስ ቼኒ፣ ጀርመንታውን። ካውንቲው ከ2012 ጀምሮ ከጎንደር ጋር እህትማማች ነው። ደስ ይላል፣ ግን እህትማማችነት ዳስ አያስይዝም።

1. መጀመሪያ በሮቹን ለዩ

እኛ ሁሉንም «ፓርኩ» እንላለን። ስንደውል የምንንገላታውም በዚህ ነው። ፓርክና ሪክሪዬሽን እዚህ አንድ ቢሮ አይደሉም።

ሞንትጎመሪ ፓርክስ የሚባለው በ1927 የተቋቋመ፣ ሁለት ካውንቲዎችን የሚያገለግል ኮሚሽን አካል ነው። ሌላኛው ካውንቲ ፕሪንስ ጆርጅስ ነው። ከ400 በላይ ፓርኮችን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የልጆች መጫወቻ፣ የእግር መንገድ፣ የፒክኒክ ዳስ፣ ዊተን ያለው ብሩክሳይድ ጋርደንስ የእሱ ናቸው።

ሪክሪዬሽን ዲፓርትመንት ደግሞ የካውንቲው መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የኮሚዩኒቲ ማዕከላቱ፣ የመዋኛ ገንዳዎቹ፣ የበጋ ካምፑና የአረጋውያን ማዕከላቱ በዚህ ሥር ናቸው።

ሦስተኛ በርም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የትምህርት ቤት ጂምና ሜዳ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚያከራይ ቢሮ ነው። ስሙ ረጅም ነው፣ ኮሚዩኒቲ ዩዝ ኦፍ ፐብሊክ ፋሲሊቲስ። እሁድ ጠዋት ኳስ የሚጫወቱ ቡድኖች ይህን በር ቢያውቁት ብዙ ጭቅጭቅ ይቀንስ ነበር።

እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው፤ ሣርና ዛፍ ከሆነ ፓርክስ፣ ጣሪያና ውሃ ከሆነ ሪክሪዬሽን፣ ትምህርት ቤት ከሆነ ሦስተኛው። ሕጉ ፍጹም አይደለም። ዊተን ያለው የበረዶ ሸርተቴ ጣሪያ አለው፣ ግን የፓርክስ ነው። ግራ ከገባችሁ ካውንቲው ውስጥ ሆናችሁ 311 ደውሉ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» ብቻ በሉ፣ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ያስገባሉ። እናቴ ይቺን አንድ ቃል ይዛ ስንት ጉዳይ ጨርሳለች!

2. አካውንት ክፈቱ፤ ስም ላይ ግን ቀስ በሉ

ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፣ አክቲቭ ሞንትጎመሪ በሚባል ድረ ገጽ። አንድ አካውንት ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጆች፣ አብራችሁ የምትኖር አያትም ብትኖር እዚያው ትጨመራለች።

የኛ ሰው የሚሰናከለው ስም ላይ ነው። እዚህ አገር ቤተሰብ ሁሉ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራል ብለው ያስባሉ። በኛ ቤት ግን አባት በአባቱ ስም፣ እናት በአባቷ ስም፣ ልጆች በአባታቸው ስም ይጠራሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ማለት ነው። ችግር የለውም፣ ሲስተሙ ይቀበላል። ችግሩ የሚመጣው አንዱን ልጅ በአያቱ ስም፣ ሌላውን በአባቱ ስም ስታስመዘግቡ ነው። መታወቂያው ወይም የልደት ወረቀቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል አስገቡ። ቀን ስትጽፉ ደግሞ ወር ይቀድማል። ማርች 5 የተወለደ ልጅ ሜይ 3 ከሆነ ዕድሜው ላይደርስ ይችላል፣ ክፍሉንም ሊያጣ ይችላል።

አድራሻችሁን በትክክል ሙሉ። ነዋሪ የሆነና ያልሆነ ሰው እኩል አይከፍልም።

3. ቀኑ አያምልጣችሁ

ከሁሉ የሚያናድደው ይህ ነው። የበጋ ካምፕ ምዝገባ የሚከፈተው ገና በረዶ ሳይጠፋ፣ በክረምቱ ውስጥ ነው። እኛ ስለ ካምፕ ማሰብ የምንጀምረው ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ የተረፈው የተራ ዝርዝር ብቻ ነው። የልጆች ዋና ትምህርት ይብሳል፤ ተፈላጊው የቅዳሜ ጠዋት ክፍል ቶሎ ይሞላል።

ስለዚህ የሪክሪዬሽኑ መጽሔት ለየወቅቱ ሲወጣ የምዝገባውን ቀን ስልካችሁ ላይ አላርም አድርጉ። የምትፈልጉትን ክፍል ቁጥር ቀድማችሁ ጻፉ። ካርዳችሁን አካውንቱ ላይ አስገቡ። በዚያ ማለዳ ካርድ ስትፈልጉ ቦታው ይሄዳል። ከሞላም ተራ ውስጥ ግቡ፣ ሰው ይሰርዛል።

ገንዘብ ከሆነ ያስቸገራችሁ፣ ዝም አትበሉ። የፉድ ስታምፕና መሰል ድጋፍ ለሚያገኙ ቤተሰቦች ሪክሪዬሽን የክፍያ እርዳታ አለው። ማመልከቻው ከምዝገባው ቀን በፊት መግባት አለበት፤ የተፈቀደው ገንዘብ አካውንታችሁ ላይ ሆኖ ነው መመዝገብ የሚያዋጣው። ማፈር አያስፈልግም። ከግብራችን የወጣ ነው።

ምንም የማይከፈልበትም አለ። ለነዋሪ የኮሚዩኒቲ ማዕከላቱ የስፖርት መሣሪያ ክፍል ነጻ ነው። በወር ለጂም የምትከፍሉትን አስቡት። በ2024 የተከፈተውን የሲልቨር ስፕሪንግ ሪክሪዬሽንና አኳቲክ ማዕከል ካላያችሁ አንድ ቀን ግቡና እዩ። መሀል ከተማ ነው፣ ከላዩ ለአረጋውያን የተሠራ መኖሪያ አለ። ዊተን ያለው ደግሞ በ2019 ከላይብረሪው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ተከፍቷል። አንዱ ልጅ ኳስ ሲጫወት ሌላው መጽሐፍ ያነባል፣ እናንተ አንድ ፓርኪንግ ብቻ ትፈልጋላችሁ።

ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት አምጥታችሁ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ከተቀመጡ፣ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የተዘጋጀውን ፕሮግራም ጠይቁ። ሎንግ ብራንች አንድ ማዕከል አለ። መኪና የለም ብላችሁ አትተዉት፤ ራይድ ኦን አውቶቡስ ከጁን 29፣ 2025 ጀምሮ ለማንም ነጻ ነው።

4. ዳሱን አስይዙ

እንግዲህ ወደ አክስቴ ጥያቄ። ወረቀቱ ፈቃድ ነው፣ ሰው ሁሉ ፐርሚት ይለዋል። የሚገኘውም ከፓርክስ ነው።

ወቅቱ ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 ነው። በዚህ ጊዜ ፈቃድ ያለው ሰው ይቀድማል። ያልተያዘ ዳስ ለመጀመሪያ ለደረሰ ነው። እኛ የተሸወድነው እዚህ ላይ ነበር፤ ባዶ ማለት ያልተያዘ ማለት አይደለም።

የሰዉን ቁጥር ስታስቡ ሐቀኛ ሁኑ። ለ30 ሰው ብላችሁ ይዛችሁ 80 ሰው ብትጠሩ፣ መኪናው ሁሉ የት ይቆማል? የኛ ድግስ ደግሞ ጠሪው አንድ፣ መጪው ብዙ ነው። ክርስትና ከሆነ አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት። ከመያዛችሁ በፊት በአካል ሄዳችሁ እዩት። መብራት አለ ወይ? ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ነው? አያቶች ከመኪና ወርደው በስንት ደቂቃ ይደርሳሉ? ፎቶው ላይ ይህ አይታይም።

መጠጥ ክልክል መሆኑን ቀድማችሁ ለአጎቶች ንገሩ። ልዩ ፈቃድ ከሚሰጥባቸው ጥቂት ቦታዎች በስተቀር አልኮል አይፈቀድም። ትልቅ ድምጽ ማጉያ ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል። የአየር ቤተ መንግሥት፣ ያ ልጆች የሚዘሉበት፣ ማምጣት ካሰባችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።

ቡናስ? መሬት ላይ እሳት ማንደድ አይቻልም። አክስቴ ግን መላ አላት። ከሰሉን የፓርኩ ግሪል ላይ ታቀጣጥላለች፣ ጀበናዋን በፍርግርጉ ጥግ ታስደግፋለች፣ አንዱን ወጣት ጠባቂ ታቆማለች። ያለፈው ጊዜ ጎን የነበሩ ሰዎች የቆላችውን ቡና ሽታ ተከትለው መጥተው ሦስተኛውን ጠጡ። አመዱን ሣር ላይ አትድፉ፤ ውሃ አፍስሱበት፣ እስኪሞት ጠብቁ።

ፈቃዱን አትሙትና በፕላስቲክ አድርጋችሁ የዳሱ ምሰሶ ላይ ለጥፉት። እንደኛ ያለ ቤተሰብ ቀድሟችሁ ተቀምጦ ብታገኙት ወረቀቱን አሳዩትና በደህና ሸኙት። አንድ ሳህን ብትሰጡትም አይከፋም።

5. ጎመን መትከል ከፈለጋችሁ

ፓርክስ ከ2009 ጀምሮ የማኅበረሰብ አትክልት ቦታዎች አሉት። አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ስትሪት ላይ ነው፣ አንዱ ብሪግስ ቼኒ። አፓርታማ ለሚኖር ሰው በዓመት ኪራይ ትንሽ መሬት ይሰጣል። በሶብላና ቃሪያ የሚያበቅል ሰው አይቻለሁ። ሲያልፉ ሽታው ራሱ አገር ቤት ይወስዳል። ተራው ይረዝማል፣ ስለዚህ የምትመዘገቡት በክረምት ነው።

6. ሜዳው መብራት የሌለው ለምንድነው? ጠይቁ

እስካሁን ያለውን ስለመጠቀም ነው የጻፍኩት። የሌለውን ማሠራት ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ እኛ ይህ በሚወሰንባቸው ስብሰባዎች ላይ ብዙም አንታይም።

ፓርክስ የሚሠራው ግንባታ ሁሉ ሲአይፒ በሚባል የስድስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ የሚከለሰው በየሁለት ዓመቱ ነው። ሰዓቱን ልቁጠርላችሁ። ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ከበጋው ጀምሮ እስከ ኦክቶበር አምስት አባላት ያሉት የፕላኒንግ ቦርድ ዝርዝሩን ያያል፤ ስብሰባው ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ነው። እስከ ኖቬምበር 1 ወደ ካውንቲው ይላካል። በተከታዩ ጃንዋሪ 15 የካውንቲው ኤክስኪዩቲቭ የራሱን ሐሳብ ለምክር ቤት ያቀርባል። ፌብሯሪ ላይ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ይካሄዳል። ሜይ መጨረሻ ላይ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፣ በጀቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። ጁን ላይ ሄዶ መጮህ ባቡር ካለፈ በኋላ ትኬት መቁረጥ ነው።

አንድ ነገር አትሳሳቱ። ማስተር ፕላን፣ ፓርኩ ወደፊት ምን እንደሚመስል የሚያሳየው ዕቅድ፣ ገንዘብ ማለት አይደለም። የዊተን ሪጅናል ፓርክ ማስተር ፕላን በ2022 ጸድቋል፣ ሥዕሉ ያምራል። ግን እያንዳንዱ ሥራ የሚነሳው ሲአይፒ ውስጥ በጀት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ «መቼ ነው የሚሠራው?» ከማለት «በየትኛው ዓመት በጀት አለው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ ቁጥር ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከካውንቲው ቦንድ አለ፣ ከግዛቱም ፕሮግራም ኦፕን ስፔስ የሚባል አለ። ከ1969 ጀምሮ ያለ ሲሆን የሚደጎመው ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ሲሸጥና ሲገዛ ከሚከፈለው 0.5 በመቶ የዝውውር ታክስ ነው። ቤት የገዛችሁ ሰዎች የክሎዚንግ (ግዢው ያለቀበትን ቀን) ወረቀታችሁን አውጥታችሁ እዩ፤ ከሻጭ ወይም ከገዢ በኩል ተቆርጧል።

ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። አማርኛ ብቻ የምትናገሩ ከሆነ አስተርጓሚ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጊዜው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። የኛ ሰው ሰላምታው ብቻ ያን ያህል ይወስዳል! ስለዚህ ጽፋችሁ ሂዱ። «ፓርክ ሥሩልን» አይጠቅምም። እንዲህ በሉ፦ «የምኖረው ሎንግ ብራንች ነው። ልጆቼ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ መብራት የለውም። በኖቬምበር ከትምህርት ሲመለሱ ይጨልማል። ይህ ሥራ በዕቅዱ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲገባ እጠይቃለሁ።» የፓርኩን ስምና የፕሮጀክቱን ስም በዕቅዱ ላይ እንዳለው ጥሩ። በዚያ ሰፈር የሚያልፈው ፐርፕል ላይን ባቡር አካባቢውን እየቀየረው ነው፤ ስለ ፓርኮቹ መናገር አሁን ነው።

መሄድ ካልቻላችሁ ጻፉ። ምክር ቤቱ 11 አባላት አሉት፤ አንዱ የዲስትሪክታችሁ፣ አራቱ የመላው ካውንቲ ናቸው። ማለትም አምስቱ የእናንተ ድምጽ ይፈልጋሉ። ኢሜይሉን ለአምስቱም ላኩ፣ አድራሻችሁንም ከታች ጻፉ። የእድር ወይም የቡድን ሰብሳቢ ከሆናችሁ ስንት ቤተሰብ እንደሆናችሁ ጨምሩ፤ ቁጥር ያያሉ።

ከጸደቀ በኋላ ፓርኩ ውስጥ ሰሌዳ ይተከላል፣ ሥዕሉን የሚያሳዩበት ስብሰባም ይጠራል። ዳሱ የት ይሁን፣ ስንት ጠረጴዛ ይኑረው የሚባለው እዚያ ነው። ባለፈው እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ አክስቴ እጇን አውጥታ «ግሪሉ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ለቡና» አለች። አስተርጓሚው ሳቀ። የሚመዘግበው ልጅ ግን ጻፈው።