ገጸ ባህሪው ለምን አይፈራም? የአስፈሪ ሮልፕሌይ የኋላ ታሪክ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አራት አምስት ሆናችሁ ጠረጴዛ ከባችሁ የምትጫወቱት አስፈሪ ሮልፕሌይ (ጨዋታ መሪው ታሪኩን እየመራ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ የሚጫወተው ጨዋታ) ሳያስፈራ ከቀረ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጭራቁ አይደለም። ጭራቁ የሚጨብጠው አጥቶ ነው። የኋላ ታሪክ ማለት ፍርሃት ገጸ ባህሪውን የሚይዝበት እጀታ ነው፤ እጀታ ከሌለው ጨዋታ መሪው ምኑን ይዞ ይጎትተው? ከታች ያሉት ብልሽቶች የሚታዩት ጨዋታው ሲጀመር ነው። የሚጠገኑት ግን ቀድሞ፣ የገጸ ባህሪው ታሪክ የሚጻፍበት ወረቀት ላይ ነው።

«እኔ ወደ ቤቴ ልሂድ»

የመጀመሪያው እንግዳ ድምፅ እንደተሰማ ተጫዋቹ «ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ» ይላል። ጨዋታ መሪው መንገዱን ይዘጋል፣ ኔትወርክ ያጠፋል፣ ዝናብ ያወርዳል። ተጫዋቹ ደግሞ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ምሽቱ በዚህ እሰጥ አገባ ያልቃል።

ተጫዋቹ አልተሳሳተም፤ ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። የጎደለው የሚያስቀረው ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ «ደፋር ነው»፣ «ነገር ማወቅ ይወዳል» ብሎ ያልፋል። ጉጉት ግን እስከ ደጃፉ ያደርሳል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባም። ሰውን ጨለማ ቤት የሚያስገባው የሚወደው ሰው፣ ያለበት ዕዳ ወይም ራሱ የሠራው ሥራ ነው። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ይጻፉ፤ እያንዳንዳቸውም ስም፣ ቦታና ቀነ ገደብ ይኑራቸው። ቀነ ገደቡን የሚረሳ ብዙ ነው። ያለሱ ግን ገጸ ባህሪው ሁልጊዜ «ነገ አየዋለሁ» ማለት ይችላል።

እስቲ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። እንዲህ ተጽፎ መጣ እንበል፦

«ከድር፣ 34 ዓመት። የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ጭነት ያመላልሳል። ጀብድ ይወዳል፣ ማንንም አይፈራም።»

እዚህ ውስጥ የሚጨበጥ ነገር የለም። ሥራውን ሳንነካ እንጠግነው፦

«ከድር፣ 34 ዓመት። የሚነዳው አይሱዙ የአጎቱ የጋሽ ይመር ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ ቁልቁለቱ ላይ ጉም ሲውጣቸው ረዳቱን መሐመድን ‹ውረድና የኋላ ጎማውን እይልኝ› አለው። መሐመድ ወረደ፤ አልተመለሰም። ከድር ሩብ ሰዓት ጠበቀ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ብቻውን ኮምቦልቻ ገባ። ለመሐመድ እናት ‹ደሴ ሥራ ይዞት ቀርቷል› አላቸው። እሑድ ቡና አፍልተው ይጠብቋቸዋል።»

ሰውም አለ፣ ውሸትም አለ፣ የሰው ንብረትም አለ፣ እሑድም እየመጣ ነው። አሁን ከድር ቤቱ ቢሄድ እንኳ ፍርሃቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ጨዋታ መሪው ጭራቅ ማምጣት ሳያስፈልገው በሦስት መስመር ንግግር ጠረጴዛውን ጸጥ ማሰኘት ይችላል፦

«ከድርዬ፣ ልጄስ?»
«እትዬ ዘሃራ፣ ነገ ይመጣል ብዬዎት የለ።»
«ታዲያ ትናንት ሌሊት በሩን ያንኳኳው ማነው? ‹እማዬ ክፈቺልኝ› ሲለኝ ድምፁ የሱ ነበር።»

መፈተኛው ቀላል ነው። ከጨዋታው በፊት ተጫዋቹን «በሩ ሁሉ ክፍት ነው፣ መኪናው ነዳጅ አለው፤ ለምን አትሄድም?» በሉት። ወረቀቱን ሳያይ በአሥር ሰከንድ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልመለሰ ታሪኩ ገና አልተጠገነም።

ቤተሰቡ ሁሉ የሞተበት ብቸኛ

አምስት ወረቀት ብትሰበስቡ ሦስቱ ላይ «ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተዋል፣ ዘመድ የለውም» የሚል ታገኛላችሁ። ይህ ፈጠራ ማጣት አይደለም፤ ራስን መከላከል ነው። ተጫዋቹ «እህት አለችኝ ካልኩ ጨዋታ መሪው ይገድልብኛል» ብሎ ይፈራል። ስጋቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። እህትየዋን በመጀመሪያው ምሽት የሚገድል ጨዋታ መሪ ሞልቷል።

ስለዚህ ጥገናው የሁለት ወገን ነው። ጨዋታ መሪው በግልጽ ቃል ይግባ፦ ወረቀቱ ላይ ያለ ሰው አደጋ ይደርስበት ይሆናል፤ ተጫዋቹ ለማዳን ዳይስ (ሙከራው መሳካቱን የሚወስነውን ባለ ቁጥር ኩብ) ሳይጥል ግን አይጠፋም። ይህን ደንብ እኛ አልፈጠርነውም። ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለው አስፈሪ ሮልፕሌይ በሰባተኛው እትሙ ተጫዋቹ ከኋላ ታሪኩ አንዱን ዋና ትስስሬ ብሎ እንዲመርጥ ያደርጋል፤ ጨዋታ መሪውም ዕድል ሳይሰጥ ያንን ማጥፋት አይችልም። ትስስሩ ጥቅምም አለው። በጀብዶች መካከል ባለው ጊዜ ገጸ ባህሪው ከዚያ ሰው ወይም ነገር ጋር ከቆየ የአእምሮ ጽናት ዳይስ ይጥላል። ከተሳካለት ከ1 እስከ 6 የአእምሮ ጽናት ነጥብ ይመለስለታል፤ ካልተሳካለት 1 ነጥብ ያጣና ያ የታሪኩ መስመር ራሱ ይለወጣል። ሁሉን የቀበረ ገጸ ባህሪ እንግዲህ መድኃኒቱንም አብሮ ቀብሯል።

ከተጫዋቹ በኩል ሦስት በሕይወት ያሉ ሰዎች ይጻፉ፦ አንዱ በእግር የሚደረስበት፣ አንዱ በስልክ ብቻ የሚገኝ፣ አንዱ የተኳረፈ። ሦስተኛውን አትዝለሉት፤ ጨዋታ ውስጥ በጣም የሚሠራው እሱ ነው። ሰው ካጣችሁ ቅሬውን፣ ማለትም የሰፈሩን ዕድር፣ አስቡ። ወሎ ውስጥ በቅሬ የታሰረ ሰው ለብቻዬ ነኝ ማለት አይችልም፤ ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ሊተክል፣ ሌሊቱን ሊያመሽ ይገደዳል። ለአስፈሪ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ መግቢያ ከየት ይመጣል? ከቤቱ መውጣት የማይፈልግ ሰው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አስከሬን ያለበት ቤት ተቀምጧል፤ ትቶ መሄድ ደግሞ ነውር ነው።

ሦስት ገጽ ሙሉ ታሪክ፣ አንድም የሚያስታውሰው የለም

ከ120 እስከ 150 ቃል ይበቃል። የደብተር ግማሽ ገጽ ማለት ነው፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሥራና ኑሮ በሁለት መስመር፣ ሦስቱ ሰዎች፣ ሁልጊዜ በኪሱ ያለ አንድ ዕቃ፣ የሚመለስበት አንድ ቦታ፣ የሠራው አንድ ነገር፣ መልስ ያላገኘለት አንድ ነገር። ቀሪውን አትጣሉት፤ ለራሳችሁ ያዙትና በጨዋታው መሃል ሲያስፈልግ አንድ በአንድ አውጡት።

ተቃራኒው ችግርም አለ፤ ተጫዋቹ ባዶ ወረቀት ይዞ ይፈዛል። «ስለ ራስህ ጻፍ» ስለተባለ ነው። ድሬድ የተባለው ጨዋታ ቁጥር የሚባል ነገር የለውም፤ በዳይስ ፈንታ ከተደረደረ የእንጨት ማማ ላይ ብሎክ ይመዘዝበታል። ገጸ ባህሪው የሚሠራው ደግሞ በመጠይቅ ነው፤ ጥያቄዎቹም ግማሹን መልስ በሆዳቸው ይዘው የሚመጡ ናቸው። «እህት አለችህ?» ከማለት «ለእህትህ እስከ ዛሬ ያልነገርካት ምንድን ነው?» ይሻላል። «ምን ትፈራለህ?» ሳይሆን «ሰኞ ገበያ ስትደርስ ያንን አንድ መታጠፊያ ለምን ትሸሸዋለህ?» በሉ። እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ጥያቄዎች ለፈዘዘ ተጫዋች ከማንኛውም ምክር ይበልጣሉ።

ምሥጢሩ ከመጀመሩ በፊት የተፈታ

«አያቱን የገደለው ጅን ነው፤ እሱም ሊበቀለው ይፈልጋል» ተብሎ ከተጻፈ ጨዋታ መሪው የሚገልጠው ነገር አልቀረውም። ስሙ የታወቀ ነገር ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚያስፈራው፤ መድኃኒቱም፣ ጸሎቱም፣ የሚያስወጣውም ሰው አብሮ ይታወቃልና።

ጥገናው አንድ ነው፦ ዓይን፣ ጆሮና አፍንጫ ያገኙትን ብቻ ጽፋችሁ አቁሙ። «አያቴ በሞቱ ማግስት ጀበናው ሳይጣድ ይሞቅ ነበር። እናቴ በጋቢ ጠቅልላ ጓሮ ቀበረችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም።» በዚህ ውስጥ ጅን የለም፣ ዛር የለም፤ ጨዋታ መሪው ግን አንድ ወር ሙሉ የሚሠራበት ነገር አግኝቷል። «ምክንያቱም» የሚል ቃል ከጻፋችሁ ቀጥሎ ያለውን ሰርዙ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

እግረ መንገዳችንን፦ ሸክላ ሠሪዋን ወይም ቀጥቃጩን ቡዳ አድርጎ መጻፍ ይቅር። ይህ ስም እውነተኛ ሰዎችን ከጉርብትናና ከጋብቻ ሲያስገልል የኖረ ስድብ ነው፤ ጭራቅ ለመሥራት አያስፈልግም።

የማይፈራው ጀግና

የቀድሞ ኮማንዶ፣ ጠመንጃ፣ ካራቴ፣ ሦስት ቋንቋ። ምልክቱ ተጫዋቹ ሁሉን ነገር በጥይት መሞከሩ ነው። ጥንካሬውን አትንጠቁት፤ ቅር ይለዋል። ከእያንዳንዱ ችሎታ ጎን ያስከፈለውን ጻፉለት። ጥሩ ተኳሽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀኝ ጆሮው አይሰማም። ጎበዝ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ሆና ያሸለበችበትን አንድ ሰዓት ግን ለማንም አልተናገረችም። ችሎታው ዳይሱን ያግዛል፣ ዋጋው ጨዋታ መሪውን።

ታሪኩ የየትም አገር ሲሆን

የፈረንጅ ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመለስ የማይታይ ስህተት ሰዓቱ ነው። እነሱ ሦስት ሰዓት ሌሊት የሚሉት የኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኩለ ሌሊታቸውም የኛ ስድስት ሰዓት። ሳይቀየር ከገባ ገጸ ባህሪው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሻይ ቤቱ ክፍት ሆኖ ሰው ገና እየተጫወተ፣ «ከተማው ጭር ብሏል» ይላል።

ሌላው አየሩ ነው። ደሴ ከጦሳ ሥር ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ላይ ጉምና ካፖርት፣ ታች ሙቀትና የፋብሪካ ሌሊት ፈረቃ። ይህ ልዩነት ለጨዋታ ሀብት ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የሚሠራ ገጸ ባህሪ ከፈረቃ ወጥቶ ደሴ ሲገባ ልብሱ ስስ ነው፣ ጆሮው በማሽኑ ድምፅ ገና ይጮኻል፣ የተጠራውም ስሙ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለም። አንድ እንዲህ ያለ መስመር ከአምስት መስመር «ጨለማና አስፈሪ ምሽት» ይሻላል።

ዘመኑን ወደ ኋላ ከወሰዳችሁ ወረቀቱን በዓመቱ ፈትሹት። 1928 ዓ.ም. ከመረጣችሁ ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበት ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከተማው ውስጥ ነበሩ። ገጸ ባህሪው ያን ቀን የት እንደነበረ ካልተጻፈ ታሪኩ ቀዳዳ አለው። አይጠየፍ አዳራሽ ግን በዚያ ዘመንም አለ፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ነውና።

ተጫዋቹ በድንገት ዝም ሲል

ይህን ከሁሉ በላይ አጥብቀን እንለምናለን። እየሳቀ የነበረ ሰው አንገቱን ይደፋል፣ ስልኩን ያያል፣ «ትንሽ አሞኛል» ብሎ ይወጣል። ምናልባት የጓደኛው ገጸ ባህሪ የኋላ ታሪክ የሱን እውነተኛ ቁስል ነክቶት ይሆናል። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የገባባቸው ከተሞች ናቸው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ የሚያስታውሱ እናትና አባት ደግሞ በየቤቱ አሉ። እዚህ አገር «ከተማው ባዶ ሆኖ በሩ ተሰብሮ አገኘው» የሚል መስመር ለአንዱ ልብ ወለድ ነው፣ ለሌላው ያለፈ ሕይወቱ።

ስለዚህ ወረቀት ከመጻፉ በፊት ሰላሳ ደቂቃ ብቻ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ሰው በቁራጭ ወረቀት፣ ስሙን ሳይጽፍ፣ ሁለት ዝርዝር ያውጣ፦ ጨዋታው ውስጥ በፍጹም እንዳይገባ የሚፈልገው፣ ቢገባም በሩቁ ተነክቶ እንዲታለፍ የሚፈልገው። ጨዋታ መሪው ሰብስቦ በአንድ ላይ ያንብብ፤ የማን እንደሆነ አይጠየቅ፣ ክርክርም አይነሳ። ጅንና ዛርን ከልቡ የሚያምን ተጫዋች ካለ እሱም እዚያው ይመዝገብ። በመቀጠል የኤክስ ምልክት የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጥ። ማንም ከነካው ምክንያት ሳይጠየቅ ትዕይንቱ ይቆማል ወይም ይታለፋል። ሰው ቀድሞ ዝም ካለ ቡና አፍሉና ዕረፍት አድርጉ፤ «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ በሰው ፊት አይጠየቅ።

በእውነተኛ ቁስሉ ላይ ገጸ ባህሪ መሥራት የሚፈልግም አለ። መብቱ ነው፤ የሚወስነው ግን የደረሰበት ሰው ብቻ ነው።

አራት ታሪክ፣ አራት የማይገናኙ ሰዎች

እያንዳንዱ ተጫዋች በቀኙ ከተቀመጠው ጋር አንድ የጋራ ነገር ይጻፍ፦ አብረው ያዩት፣ አብረው የደበቁት ወይም አንዱ ለሌላው ያበደረው። «ጓደኛሞች ናቸው» አይበቃም። አራት ሰው ካለ አራት ክር ይወጣል፤ ቡድኑ በዚህ ይታሰራል።

ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ለጨዋታ መሪው። ከእያንዳንዱ ምሽት በኋላ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ የተለወጠውን መስመር ሰርዛችሁ በላዩ አዲሱን ጻፉ፤ የተሰረዘው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዝ። የከድር ወረቀት ላይ «‹ደሴ ሥራ ይዞት ቀርቷል› አላቸው» የሚለው ተሰርዞ «በሩን ከፈቱለት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታ መነሻው እሱ ነው።