ዩጋንዳ ከጋይድ ጋር ወፍ ለማየት ስትሄዱ እንዴት ትዘጋጃላችሁ

ዩጋንዳ ስፋቷ የኢትዮጵያን ሩብ እንኳን አይሞላም፣ የወፍ ዝርያዋ ግን ከ1,000 በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ኢንቴቤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ በርዲንግ (ወፍ እየተከታተሉ ማየት) የጀመረና አገር ውስጥ ትንሽ የዞረ ሰው ቀጥሎ የት ልሂድ ካለኝ መልሴ ዩጋንዳ ነው፣ ሹቢል ለምትባለዋ ትልቅ የረግረግ ወፍ ብቻ እንኳን ያስኬዳል። ችግሩ ምንድነው፣ አብዛኛው ሰው ዝግጅት ሲባል ቀጥታ ወደ ዕቃ ግዢ ነው የሚገባው፣ ትልቅ ሌንስ፣ ኪሱ የበዛ ካኪ ጃኬት፣ ምናምን። ከጋይድ ጋር ስትሄዱ ዋናው ዝግጅት ዓይናችሁንና ጆሯችሁን ማለማመድ፣ ከዛ ደግሞ ከጋይዱ ጋር አስቀድሞ በግልፅ መነጋገር ነው። ሁለቱም ደግሞ ብዙ ብር አይጠይቁም።

1. መጀመሪያ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ለዩ

ሁሉንም አያለሁ ብሎ መነሳት በዩጋንዳ መንገድ አያዋጣም፣ ከኢንቴቤ ብዊንዲ ጫካ ድረስ በመኪና ሙሉ ቀን ይፈጃል። ያላችሁ ጊዜ ሦስት አራት ቀን ከሆነ የኢንቴቤ ቦታኒካል ጋርደን (በ1898 የተቋቋመ ነው፣ ከኤርፖርቱም ቅርብ ነው)፣ ሹቢሏ ያለችበት ማባምባ ረግረግ እና ምናልባት ሌክ ምቡሮ ይበቃችኋል። ሳምንት ወይ ከዛ በላይ ካላችሁ ኪባሌ ጫካ፣ ኩዊን ኤልሳቤጥ ፓርክና ብዊንዲ ይጨመራሉ። ኪባሌ ላይ ሰው የሚፈልገው ግሪን ብረስትድ ፒታ የምትባለውን መሬት ለመሬት የምትሄድ ወፍ ነው፣ እሷን ለማየት ጎህ ሳይቀድ ጫካ ውስጥ መገኘት አለባችሁ። ብዊንዲ ደግሞ የአልበርታይን ሪፍት (የምዕራቡ ስምጥ ሸለቆ) ወፎች ቦታ ነው፣ ከዛ አካባቢ ውጪ የትም የማታገኟቸው ማለት ነው፣ ሩሂጃ ከሚባለው በኩል ወደ ሙብዊንዲ ረግረግ የሚወርደው መንገድ ላይ አፍሪካን ግሪን ብሮድቢል የምትባለውን ብርቅ ወፍ ለማየት ሰው ከዓለም ዙሪያ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው መርቺሰን ፎልስ ፓርክንና ቡዶንጎ ጫካ ውስጥ ያለውን ሮያል ማይል የሚባል የወፍ ማያ መንገድ ይጨምር።

ጎሪላም ልይ ካላችሁ ብዊንዲ ላይ ይቻላል፣ ፈቃዱ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ ቀድሞ ካልተያዘም አይገኝም፣ ለጉዞ አዘጋጁ ከመጀመሪያው ንገሩት። እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ ለወፍ የሄደ ሰው ያንን ብር ለተጨማሪ ቀናት ቢያውለው ይሻላል፣ ግን ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

2. ወሩን ምረጡ

ደረቁ ጊዜ ከሰኔ እስከ ነሐሴ እና ከታህሳስ እስከ የካቲት ነው፣ መንገዱም የጫካው ዱካም ያኔ ይሻላል። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡት ወፎች እንዲጨመሩላችሁ ከፈለጋችሁ ሁለተኛውን ምረጡ። ደረቅ ማለት ግን አይዘንብም ማለት አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት ሊያወርደው ይችላል።

3. ጋይዱን እንዴት እንደምትመርጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የሳፋሪ ጋይድና የወፍ ጋይድ አንድ አይደሉም፣ ሳፋሪ ጋይዱ አንበሳ ፍለጋ መኪናውን እየነዳ ወፉን ሁሉ አልፎት ነው የሚሄደው። ዩጋንዳ በርድ ጋይድስ ክለብ የሚባል የወፍ ጋይዶች ማህበር አለ፣ ዩጋንዳ ዊመን በርደርስ የሚባል የሴቶች ስብስብም አለ፣ ሴት ጋይድ የምትመርጡ ከዛ ጀምሩ። ከመክፈላችሁ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፦ ወፎቹን በድምፅ ይለያል ወይ? ቴሌስኮፕ ይዞ ይመጣል ወይ? በቡድኑ ውስጥ ስንት ሰው አለ? (ጠባብ የጫካ ዱካ ላይ ከስድስት ሰው በላይ ከሆነ ኋላ ያለው የፊተኛውን ጀርባ ሲያይ ነው የሚውለው።) መኪናው ውስጥ ሁሉም ሰው መስኮት ያገኛል? የፓርክ መግቢያ፣ የጀልባና የየፓርኩ ሬንጀር ክፍያ ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ነው? ቲፕ ምን ያህል እንደተለመደም ያለ ሀፍረት ጠይቁ፣ መጨረሻ ቀን ላይ ከመጨናነቅ ይሻላል።

ከዛ ደግሞ እናንተ ስለራሳችሁ ንገሩት። ጀማሪ ነኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ፎቶ ላይ ነው የማተኩረው፣ ወይም ደግሞ እነዚህን አስር ወፎች ካላየሁ ይቆጨኛል ብላችሁ ዝርዝር ላኩለት። የሙብዊንዲ መንገድ ወርዶ ያንኑ ዳገት መልሶ የሚያስወጣ የሙሉ ቀን ጉዞ ስለሆነ የጉልበት ነገር ቀድሞ ቢነገር ነው የሚሻለው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከፍታው አይከብደውም፣ እርጥበቱና ጭቃው ነው የሚያደክመው።

4. ወረቀትና ጤና

ቪዛውን በኦንላይን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ደንቡ እንደ ፓስፖርታችሁ ስለሚለያይ የዩጋንዳ ኢሚግሬሽን ድረገፅ ላይ እዩ። ከአሜሪካ ወይ ከአውሮፓ መጥታችሁ ኬንያንና ሩዋንዳንም የምታዩ ከሆነ ለሦስቱም አገር የሚሰራ የምስራቅ አፍሪካ ቱሪስት ቪዛ የሚባል አለ፣ 100 ዶላር ነው።

ቢጫ ካርድ ግዴታ ነው። የቢጫ ወባ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው ሕጋዊ የሚሆነው፣ ስለዚህ የመሄጃ ሳምንት ላይ አትሩጡ። ከ2016 ጀምሮ አንዴ የተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ የድሮ ካርድ ያላችሁ ፈልጉት።

ወባ ላይ አትዘናጉ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው እኔ አፍሪካዊ ነኝ ወባ አይነካኝም ብሎ ሲያስብ አያለሁ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ለወባ ያለው መከላከያ ከአውሮፓዊው አይበልጥም። ሐኪም ጋር ሂዱና መከላከያ መድኃኒት ተነጋገሩ፣ ማላሮን አለ፣ ዶክሲሳይክሊን አለ፣ ዶክሲሳይክሊን ዋጋው ይቀላል ግን ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል፣ ጀልባ ላይ ለሚውል ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ አትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ አለ።

5. ባይኖኩላር

አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ባይኖኩላር ነው የምለው። 8 በ42 የሚለውን ፈልጉ፣ 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። 10 በ42 የበለጠ ያቀርባል ግን የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል፣ የሚታየው ስፋትም ይጠባል፣ ጨለምለም ያለ ጫካ ውስጥ ቅጠል ለቅጠል የምትዘል ወፍ ለመያዝ 8ቱ ይሻላል። ውሃ የማያስገባ መሆኑን አረጋግጡ።

ከዛ ለዓይናችሁ አስተካክሉት፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያደርግ ነው ዓመት ሙሉ የሚያይበት። የቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና በግራው ብቻ እያያችሁ የመሃሉን ጎማ አዙራችሁ የሆነ ፅሑፍ ጥርት እስኪል አድርሱት፣ ቀጥሎ ግራውን ጨፍናችሁ የመሃሉን ሳትነኩ በቀኝ በኩል ያለውን ትንሿን ቀለበት አዙሩ፣ በቃ። ቀለበቷ የት ላይ እንዳለች ምልክት አድርጉባት።

ልምምዱ ደግሞ ቤት በረንዳ ላይ ይቻላል። የመብራት ገመድ ላይ የቆመች ዋኔ ምረጡ፣ ዓይናችሁን ከወፏ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ወደ ታች ባይኖኩላሩን ካያችሁ ወፏ ጠፋች ማለት ነው። ያለ ማሰብ እስኪመጣላችሁ ደጋግሙት።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ባይኖኩላር ቦሌ ላይ ስትወጡም ስትገቡም ጥያቄ ሊያስነሳ የሚችል ዕቃ ስለሆነ ቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ፣ ስትወጡ አስመዝግባችሁ ወረቀቱን ያዙ።

6. ጆሮና ዓይን

ይሄ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያስፈልገው ነው፣ ቢያንስ ከወር በፊት ጀምሩ። መርሊን የሚለውን የወፍ መለያ አፕ አውርዱ፣ ነፃ ነው፣ የዩጋንዳን ፓክ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ከጫናችሁት ፎቶውም ድምፁም ያለ ኔትወርክ ይሰራል። ኢበርድ (ሰዎች ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበት ድረገፅ) ላይ ማባምባ ብላችሁ ስትፈልጉ ሰዎች በየትኛው ወር ምን እንዳዩ ይወጣላችኋል። ሺውን ሁሉ ለመሸምደድ አትሞክሩ፣ ለምትሄዱባቸው ቦታዎች ሠላሳ አርባ ወፍ በቂ ነው፣ ድምፅ ደግሞ አስር ካወቃችሁ ጎበዝ ናችሁ።

እኛ ደግሞ አንድ ጥቅም አለን። ሐዋሳ አሞራ ገደል ቆማችሁ የምታዩዋቸው፣ አባ ኮዳው፣ አሳ በሊታው ንስር፣ ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ፣ ቅጠል ላይ የምትራመደው ጃካና፣ ሁሉም ዩጋንዳ አሉ፣ አባ ኮዳማ ካምፓላ መሃል ከተማ ነው የሚውለው። እነዚህን እዚሁ አጥንታችሁ ከጨረሳችሁ እዛ ስትደርሱ ትኩረታችሁ ሁሉ አዲሶቹ ላይ ይሆናል።

7. ልብስና ቦርሳ

አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ የደበዘዘ ቀለም ልበሱ፣ ነጭ ይቅር። ጥቁርና ሰማያዊ ደግሞ ፄፄ ዝንብ ይጠራል፣ መርቺሰንና ኩዊን ኤልሳቤጥ ላይ አለች፣ ንክሻዋ በልብስ ላይም ያልፋል። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥጉርጉር ነገር በፍፁም እንዳትይዙ፣ ዩጋንዳ ውስጥ ለሲቪል ክልክል ነው፣ ፋሽን ነው ብሎ መከራከር አይሰራም። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፣ አያምርም፣ ግን የጫካው ጉንዳን ሲወጣባችሁ ታመሰግኑኛላችሁ። የዝናብ ልብስ፣ ተጨማሪ ካልሲ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ። የትንኝ መከላከያው ዲት (DEET) የሚባለው ኬሚካል ያለበት ከሆነ ከተቀባችሁ በኋላ መዳፋችሁን ሳትጠርጉ ባይኖኩላር አትንኩ፣ ፕላስቲኩንም ጎማውንም ይበላዋል። ዶላር ስትይዙ አዲስና ያልታጠፈ ይሁን፣ የቆየውን ወይ አይቀበሉም ወይ ዋጋ ይቀንሱበታል።

የፆም ሰሞን ከሆነ ለሎጁ ቀድማችሁ አስነግሩ፣ ካለዛ የምሳ ሳጥናችሁን ስትከፍቱ ዶሮና እንቁላል ነው የሚጠብቃችሁ። ምግብ ግን አትራቡም፣ ማቶኬ (የተቀቀለ የምግብ ሙዝ)፣ ባቄላና የኦቾሎኒ ወጥ የየቀኑ ምግባቸው ነው፣ ሁሉም ፆም ነው።

8. ሜዳ ላይ

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። የሰዓት ቀጠናው ከኛ ጋር አንድ ነው ግን ጋይዱ በእንግሊዝኛ ሲክስ ካለ ጠዋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው። ወፍ ሲያሳያችሁም በሰዓት ነው፣ ዛፉን እንደ ሰዓት ገበታ አስቡትና ቱ ኦክሎክ ሲል 2 ቁጥር ያለበት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ከፍ ብሎ ማለት ነው፣ የኛን ሁለት ሰዓት አስባችሁ ስምንት ቁጥር ጋ ስትፈልጉ ወፏ ትሄዳለች።

ጫካ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ምንም ላይኖር ይችላል፣ ከዛ ድንገት የተለያየ ዝርያ ያለው መንጋ አንድ ላይ ይመጣል፣ ከላይ ከታች ሁሉም ይንቀሳቀሳል፣ ጋይዱ ስም በስም ላይ ይጠራል። ያኔ ሁሉንም ለማየት ከሞከራችሁ አንዱንም አታዩም። አንዷን ምረጡና እስክትሄድ እሷ ላይ ቆዩ። ስልካችሁ ላይ የወፍ ድምፅ እያጫወታችሁ ለመጥራት አትሞክሩ፣ ያንን የሚወስነው ጋይዱ ነው፣ ሲበዛ ወፏን ከጎጆዋ ያባርራታል።

ማባምባ ላይ በጠባብ የእንጨት ጀልባ ፓፒረሱ (ደንገሉ) መሃል ባለው የውሃ መንገድ ነው የሚገባው፣ ማለዳ ሂዱ፣ ላይፍ ጃኬት ይሰጣችሁ። ቀዛፊው ሹቢሏን ሲያይ መቅዘፊያውን አንስቶ ዝም ይላል፣ እናንተም ጀልባው ውስጥ አትነሱ። ቁመቷ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ግራጫ ወፍ ሐውልት መስላ ቆማ ታገኟታላችሁ፣ የምትጠብቀው ሳንባ ዓሣን ነው፣ ረጅም ሰዓት ላትንቀሳቀስ ትችላለች። አንዴ ፎቶ አንስታችሁ እንሂድ አትበሉ፣ ሌላ ጀልባ ካልጠበቀ ቆዩ፣ ዓሣ ስትይዝ በሙሉ ሰውነቷ ነው ውሃው ላይ የምትወድቀው። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ድሮ ገዷ ክፉ ነው፣ ዓሣ ታጠፋለች ብለው ይገድሏት ነበር፣ አሁን ብዙዎቹ ጎብኚ እየቀዘፉ ነው የሚኖሩት፣ ስለዚህ እዛው ያለውን ቀዛፊ ይዛችሁ ግቡ፣ ቲፑንም በእጁ ስጡት።

ማታ ማታ ያያችሁትን ከጋይዱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ዝርዝሩ ላይ ሙሉ፣ ግሪንቡል የሚባሉት ተመሳሳይ የጫካ ወፎች ሁሉ አንድ የሚመስሏችሁ ከሆነ ያኔ ነው የሚጠየቀው፣ ኢበርድ ላይም የዛኑ ቀን አስገቡት። የወባ መድኃኒቱን ደግሞ ቤት ስለደረሳችሁ አታቋርጡ፣ ማላሮን ከተመለሳችሁ በኋላ 7 ቀን፣ ዶክሲሳይክሊን 4 ሳምንት ይቀጥላል፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፣ የዛኑ ቀን ተመርመሩ፣ ለሐኪሙም ዩጋንዳ እንደነበራችሁ ንገሩት።