የገና ዋዜማ ድፎ፦ ቤተሰቡ ሁሉ እጁን የሚያስገባበት ልማድ

አዲስ የበዓል ልማድ ሁለተኛውን ዓመት ሳያይ የሚቀረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሁሉ እናት ላይ ስለሚወድቅ ነው። ድፎ ዳቦ ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ሥራ አለው። አራት ኪሎም ሆነ ካዛንቺስ፣ በጠባብ የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት እንኳ የኤሌክትሪክ ምጣድና አክንባሎ ካለ ይበቃል።

መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ስለሚሆን ዋዜማውም በአንድ ቀን ይቀድማል። ጾሙ ገና ስላልተፈታ ሊጡ ውስጥ ቅቤም ወተትም አይግባ። ማታ አትጋግሩ፤ ሁሉም ቤት ምጣዱን የሚያበራው ያን ጊዜ ስለሆነ መብራት ይደክማል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ለቅዳሴ የሚያድር ሰውም ማረፍ አለበት። ጠዋት 2 ሰዓት ተጀምሮ 7 ሰዓት ገደማ ቢያልቅ ደኅና ነው።

ኮባውን ከሁለት ቀን በፊት መርካቶ ወይም ሾላ ግዙ። ትንንሾቹ ልጆች በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት። ትልቅ ሰው ደግሞ ወፍራሙን አጥንት አውጥቶ ቅጠሉን እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ ያሳልፈው፤ ያለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ሊጡ ይፈስሳል።

ለ2 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት 1 ሊትር ከሩብ ለብ ያለ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 ጨው፣ 3 ስኳር፣ 1 ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማና 1 የቡና ስኒ ዘይት ያስፈልጋል። ውሃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል። ውሃውን በአንድ ጊዜ አትጨርሱት፤ ዱቄት ሁሉ እኩል አይጠጣም። ሊጡ ከአምባሻ ሊጥ ለስለስ ብሎ እጅ ላይ ትንሽ የሚጣበቅ ይሁን። ከጠጠረ ዳቦው ይደርቃል። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ተራ በተራ አምስት አምስት ደቂቃ ያሽ።

የታኅሣሥ ጠዋት ይበርዳል። ሊጡን ክደኑና በጋቢ ጠቅልሉት። ኩፍ ለማለት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። አያት ካሉ ደረሰ አልደረሰም የሚለውን እሳቸው ይፍረዱ፤ እንደኔ ከሰዓት ይልቅ የእሳቸው ዓይን ይሻላል።

ምጣዱ ሲሞቅ ኮባውን ሁለት ድርብ አንጥፉ፣ ሊጡን ገልብጡበት፣ ላዩንም በኮባ ሸፍናችሁ አክንባሎውን ድፉ። ብዙ ዳቦ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምጣዱ ያለ ፋታ ከነደደ ሥሩ ያርራል፣ መሐሉ ሊጥ ይቀራል። ስለዚህ እያጠፋችሁ እያበራችሁ በለዘብተኛ ሙቀት ከ35 እስከ 40 ደቂቃ አብስሉት። ከዚያ ሰፊ ትሪ ደፍታችሁበት ሁለት ሰው ሆናችሁ ገልብጡትና መልሳችሁ ምጣዱ ላይ ሌላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቆይ። መሐሉን በቀጭን እንጨት ስትወጉት ሊጥ ይዞ ካልወጣ በስሏል።

ትኩሱን አትቁረሱ፣ ይላቁጣል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ ፌስታል ውስጥ ካደረ ያልበዋል። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ጸሎት አድርጎ የሚቆርሰው ያው እንደ ጥንቱ የቤቱ ታላቅ ነው፣ ይህን አትቀይሩ። አንዱን ቁራሽ ልጆቹ ራሳቸው ለጎረቤትና ለግቢው ዘበኛ ያድርሱ።

ያን ዕለት ስንት ውሃ እንደገባ፣ ስንት ደቂቃ እንደበሰለና በሚመጣው ዓመት ማን ምን እንደሚሠራ ደብተር ላይ ጻፉ። ደብተሩም ከአክንባሎው ጋር ይቀመጥ።